ነጭ በሆነችበት ሰዓት

መርማሪው በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ ከሬሳ ፊት አፈግፍጎ አያውቅም። የዚያን ሐሙስ ጠዋት ግን ከአንዲት ጠባብ ክፍል ደጃፍ ላይ ሲደርስ እግሩ አልገባም አለው። ሬሳው ቀደም ብሎ ተነሥቷል። የቀረው አልጋው፣ ባለ መደገፊያ ወንበሩ፣ በወንበሩ ላይ ያለው አረንጓዴ ትራስ፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለው መጽሐፍና ወረቀት ነው። ከመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ትልቅ የመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። በሣጥኑ ውስጥ፣ ቁመው በተደረደሩ የእንቁላል ካርቶኖች መካከል፣ የሰው አውራ ጣት የሚያካክሉ በረሮዎች ይርመሰመሳሉ።

«ይግቡ እንጂ አለቃ» አለ ከኋላው የቆመው ሳጅን። «አይናከሱም።»

«ሬሳም አይናከስም። የሬሳን ጠባይ ግን ለምጄዋለሁ።»

ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ለስድብ ነበር፤ እያደር ግን ስድቡ ወደ ሙገሳ ዞረ፤ እሱ ቀስ እያለ የደረሰበት ሰው አምልጦ አያውቅምና። አሁንም ቀስ ብሎ ገባ፤ ከሣጥኑ ሁለት ክንድ ርቆ ቆመ።

ሟቹ በአንድ ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት አራሚ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ዓመት አልፎታል። ሚስትም ልጅም የለውም፤ አስም ነበረበት። ከታላቅ እህቱ ጋር በዚህ ቤት ይኖር ነበር። ትናንት ረቡዕ፣ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እህቱ ከውጭ ስትመለስ በወንበሩ ላይ ተዘርግቶ አገኘችው።

«ሐኪሙ መጀመሪያ አስሙ ነው የገደለው አለ» ሲል ሳጅኑ አስረዳ። «እነዚህን ጉዶች በቤቱ እያረባ ሌላ ምን ይጠብቃል ብሎ። ኋላ የላይኛውን ከንፈር ገልብጦ ሲያይ ከውስጥ በጥርሱ ተቆርጧል። ከጉሮሮው ደግሞ አረንጓዴ ክር አወጣ።»

መርማሪው ትራሱን አየው። ትራሱ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተደላድሎ ተቀምጧል።

«በሩስ?»

«አልተሰበረም። ወይ ራሱ ከፍቷል፣ ወይ ቁልፍ ያለው ሰው ነው። ቁልፍ ያላት እህቱ ብቻ ናት። ማክሰኞ ማታ ‹ወይ እነሱ ወይ እኔ› ስትለው ጎረቤት ሰምቷል። በቦርሳዋ ውስጥ ፍሊት ተገኝቷል፣ የበረሮ መግደያ። ትናንት ከስምንት ሰዓት በኋላ የት እንደነበረች ደግሞ አትናገርም። የበላዩ አለቃ እስከ ስድስት ሰዓት ፍርድ ቤት ትቅረብ ብለዋል።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ተኩል።»

«እንግዲያው ጊዜ አለን።»

«ለሌላ ሰው ቢሆን አዎ» አለ ሳጅኑ።

ከሣጥኑ አጠገብ አንድ ደብተርና ቀይ እስክሪብቶ ነበር። መርማሪው ደብተሩን በሁለት ጣቱ ስቦ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው። ጽሕፈቱ እንደ ኅትመት የቀና ነው፤ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ቀንና ሰዓት አለው።

«አንደኛ ቀን። በረሮ የምታረባ አንዲት የሳይንስ መምህርት አሥራ ሁለት ሰጠችኝ፤ አሥራ አንዱ የደረሱ፣ አንዷ ገና ልጅ። በነገረችኝ መሠረት የሣጥኑን አፍ ዙሪያውን ከውስጥ ቫዝሊን ቀባሁት፤ እግራቸው ስለሚያዳልጥ አይወጡም።»

«ሦስተኛ ቀን። ውኃ በሳህን ሰጠሁ። አንዱ ሊሰጥም ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በእርጥብ ጥጥ።»

«ዘጠነኛ ቀን። ትልቁን ወንድ ባነሣው እንደሚተነፍስ ጎማ ሲስ አለብኝ። ደነገጥሁ። እሱም ደነገጠ። ተዋወቅን።»

«ሠላሳ አንደኛ ቀን። ሐኪሙ ለሳንባህ አይበጁም አለኝ። አፌን ሸፍኜ፣ መስኮት ከፍቼ አጸዳቸዋለሁ። የሚጠብቀው ነገር የሌለው ሰው ሳንባ ምን ያደርግለታል?»

መርማሪው በዚህ ላይ ደብተሩን አጠፈውና ወደ ወጥ ቤት ሄደ።

እህትየው ከአንዲት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል። ስድሳውን ያለፈች፣ በጤና ጣቢያ የልብስ አጣቢነት የምትሠራ ሴት ናት፤ ጣቶቿን በረኪና በልቷቸዋል።

«እትዬ፣ እግዜር ያጥናዎት።»

«ካሰረ በኋላ የሚያጽናና ፖሊስ ዛሬ አየሁ» አለች።

«ትናንት የት ነበሩ?»

ዝም አለች። እሱም ዝም አለ። ዝም ማለትን ከእሱ የሚበልጥበት አልነበረም፤ በመጨረሻ እሷ ተሸነፈች።

«ፍሊቱን ገዛሁና አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።»

«አራት ሰዓት ሙሉ?»

«አራት ሰዓት ሙሉ። ልፍጃቸው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ልተውለት ስል ደግሞ ሲያስል ይሰማኛል። እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ሲስቅ የሰማሁት እነዚህ ነገሮች ከመጡ ወዲህ ነው። በበረሮ የሚስቅን ሰው እኔ በምን አባቴ ላስቀው?»

«ይኼን ለሳጅኑ ለምን አልነገሩትም?»

«ወንድሟ ቤት ውስጥ ሲሞት እሷ ፍሊት ታቅፋ አውቶቡስ ስትቆጥር ዋለች ቢባል ማን ያምናል? አንተስ ታምናለህ?»

መርማሪው ፍሊቱን ከማስረጃ ከረጢቱ ውስጥ አገላብጦ አየ፤ የክዳኑ ማሸጊያ አልተነካም።

«ማን ማን ይመጣበት ነበር?»

«መምህርቷ፣ እሑድ እሑድ። ከዚያ የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ፤ ወዳጁ ነው። ማክሰኞ ጠዋት መጥቶ በር ዘግተው ሲነጋገሩ ድምፃቸው ከፍ ከፍ አለ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ስለ ሥራ ነው አለኝ። ጡረታ የወጣ ሰው ምን ሥራ አለው?»

«በረሮዎቹን በደንብ አይተዋቸዋል?»

«ጥቁር ናቸው። በረሮ ሌላ ምን ይሆናል?»

አራት ሰዓት ሲሆን የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ለልቅሶ መጣ። ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ የጥፍሩ ሥር ቀለም የጠጣ ረጅም ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል። መርማሪው ሳሎን ውስጥ አስቀመጠው።

«ወዳጅ ብቻ አልነበረም» አለ ኃላፊው። «ሠላሳ ዓመት እኔ አተምኩ፣ እሱ አረመ። ከማንም ጋር እንደዚያ አልኖርኩም፤ ከሚስቴም ጋር።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት?»

«ማክሰኞ ጠዋት። ትናንት ማሽን ተበላሽቶብን ከሥራ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ማክሰኞ ተጨቃጭቃችኋል ይባላል።»

«በእነዚህ ጉዶቹ ነዋ። ‹አንተ ሰው፣ በበረሮ ምክንያት ሞተ ልትባል ነው› አልኩት። የፈራሁት አልቀረም።» መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገ። «እሱ ግን ይሰማል? ይልቅ ጎትቶ ወስዶ አንድ በአንድ አሳየኝ። አሥራ አንድ ጥቁርና አንዲት ነጭ። ነጯን ‹ይቺ ደግሞ ከየት አገር መጣች?› ብዬ ቀለድኩበት። እንደ ሩዝ የነጣች፤ ዓይኗ ብቻ ጥቁር ነጥብ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ታምራለች።»

«እኔ አንዷም አታምረኝም» አለ መርማሪው። «እጅጌዎን ምን ነካብዎት?»

ኃላፊው የቀኝ እጅጌውን አየት አደረገ። ከክርኑ በታች የወዛ ነገር ጨርቁን አጥቁሮታል።

«የማሽን ቅባት ነው። የኛ ሥራ እንዲህ ነው።»

መርማሪው ራሱን ነቀነቀና ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ዓይኑን ጨፈን ከፈት እያደረገ በረሮዎቹን ቆጠረ። አሥራ ሁለት። ነጭ የሚባል በመካከላቸው የለም።

መምህርቷ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ሳይንስ የምታስተምር ቀጭን ሴት ናት። ትናንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ተማሪ ፊት እንደቆመች ሳጅኑ ቀድሞ አረጋግጧል። ሣጥኑን ስታይ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ክዳኑን ከፈተች።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች። «እሱ እንዲህ አይተውም።»

በሣጥኑ አፍ ዙሪያ የተቀባው ቫዝሊን አንድ ቦታ ላይ የክንድ ያህል ስፋት ተጠርጎ ጠፍቷል። ካርቶኖቹም ተዛንፈዋል። መምህርቷ እጇን አስገብታ፣ መርማሪው ፊቱን እያዞረ፣ ትንሿን በረሮ በመዳፏ ላይ አወጣቻት። የፊት እግሯ ወደ ውስጥ ተቆልምሟል፤ ጀርባዋም አንድ በኩል ጎድጉዷል።

«ተጨፍልቃለች» አለች መምህርቷ። «ግን ደረቅ ሳለች ቢሆን ትሰበር ነበር። ይቺ ተጣመመች እንጂ አልተሰበረችም። ለስላሳ ሳለች ነው የተነካችው።»

«ለስላሳ ሲሉ?»

«ልጆቹ ሲያድጉ ቆዳቸውን ይጥላሉ። ቆዳዋን ጥላ ስትወጣ እንደ ሊጥ ናት፣ መልኳም ነጭ ነው። ጀማሪዎች ሁልጊዜ ይደውሉልኛል፤ ‹ልዩ ዝርያ አገኘሁ› እያሉ። እስከ ማታ ታገሡ እላቸዋለሁ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ እየጠነከረች፣ እየጠቆረች ትሄዳለች።»

«ትልልቆቹስ?»

«የደረሰ በረሮ ቆዳ አይጥልም። አበቃ።»

መርማሪው ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ከዚያ የሣጥኑን ወለል ጎንበስ ብሎ አየ። ከሣጥኑ ሥር የወረቀት ጠርዝ በቀጭኑ ይታያል። የማተሚያ ቤት ሰዎች የተጨማደደ ወረቀት ሲያቃኑ ከባድ ነገር ይጭኑበታል፤ በዚህ ክፍል ደግሞ ከዚህ ሣጥን የሚከብድ ነገር አልነበረም።

«ሳጅን፣ በዚያ በኩል ያዝ።»

«እርስዎ ያነሡታል?»

«ሳልሞት አንሣው።»

ወረቀቱን አወጣ። አብራው የታጠፈች ደብዳቤ ነበረች። ሁለቱንም ቆሞ አነበበ፤ ሲጨርስ ከበረሮዎቹ አጠገብ መቆሙን እንኳ ረስቶት ነበር። ወጥቶ ሦስት ቦታ ስልክ ደወለ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም በሟቹ ክፍል ሰበሰባቸው። እህትየው አልጋው ጫፍ ላይ፣ መምህርቷ ከሣጥኑ አጠገብ፣ ኃላፊው ከመጽሐፉ ክምር ሥር። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ የለም። ሳጅኑ በሩን ዘጋ።

«ነገሩ ከዚህ ይጀምራል» አለ መርማሪው፣ የተጠረገውን ቫዝሊን እያሳየ። «አንድ ሰው ክንዱን እስከ ክርኑ እዚህ ውስጥ አስገብቷል። ሟቹ አይደለም፤ እሱ ካጸዳ በኋላ መልሶ የሚቀባ ሰው ነበር፣ ደብተሩ ይመሰክራል። መምህርት፣ ትንሿ የተጨፈለቀችው መቼ ነው?»

«ነጭ ሳለች።»

«ነጭ የነበረችው መቼ ነው? ይኼን እኔ አልናገርም፣ ሟቹ ይናገር።» ደብተሩን ገልጦ አነበበ። «‹ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ልጅቷ አሁን ቆዳዋን ጥላ ወጣች። እዚህ ቤት ከመጡ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ነጭ ሆናለች። እስክትጠነክር ማንም አይንካት።› ትናንት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የጻፈው የለም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሬሳው ተገኘ፤ አንድ ሰዓት ላይ የእኛ ሰው ፎቶ ሲያነሣ በሣጥኑ ውስጥ ነጭ የለም። ስለዚህ ይቺን ፍጡር ነጭ ሆና ያያት ሰው ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ሟቹ ነው።»

ከካርቶኖቹ መካከል የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«እትዬ፣ መልካቸውን ጠይቄዎት ጥቁር ናቸው አሉኝ። እርስዎ ግን ጌታዬ» ወደ ኃላፊው ዞረ፣ «ሳልጠይቅዎት ነጯን ነገሩኝ።»

«ማክሰኞ አሳይቶኛል አልኩ እኮ» አለ ኃላፊው። «ማክሰኞ ሌላዋ ነጭ ሆና ይሆናላ። እኔ በረሮ ለይቼ አላውቅም።»

«አሥራ አንዱ የደረሱ ናቸው፤ አይጥሉም። መጣል የምትችል አንዲት ናት፤ እሷም ረቡዕ ጣለች።»

«እንግዲያው በስልክ ነግሮኝ ይሆናል። ኀዘን ላይ ያለ ሰው ቀን ያምታታል።»

«ስልኩን አይተናል፤ ትናንት ለማንም አልደወለም፣ ማንም አልደወለለትም። ዓይኗ ጥቁር ነጥብ መሆኑን ደግሞ ያየ እንጂ የሰማ አይናገረውም። ትናንት ከማተሚያ ቤቱ ንቅንቅ አላልኩም ብለዋል። ሠራተኞችዎን ጠይቄያለሁ፤ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ አልነበሩም። ካፖርቱን ያውልቁ እስቲ።»

ኃላፊው አልተንቀሳቀሰም። ሳጅኑ ጠጋ ብሎ እጅጌውን ያዘና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። መርማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብሎ በቅርብ አየ።

«የማሽን ቅባት ጥቁር ነው፣ ቀለምም ይሸታል። ይኼ ቫዝሊን ነው። በላዩ ላይ እንደ በርበሬ ፍሬ ደቀቅ ያለው ደግሞ... መምህርት?»

«ኩሳቸው ነው» አለች መምህርቷ ቀስ ብላ።

«በረሮ ቤት ውስጥ ምን ሲፈልግ ነበር?» አለች እህትየው። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

መርማሪው ወረቀቱን ዘረጋ። ለጤና ጣቢያ ግድግዳ የሚለጠፍ፣ ለጨቅላ ሕፃናት የትኩሳት ማብረጃ ጠብታ መጠን የሚያሳይ የማረሚያ ቅጂ ነው። በአንድ መስመር ላይ በቀይ ተከብቦ «እዚህ ላይ ነጥብ ወድቋል፦ 0.5» ይላል። ከግርጌ ሌላ እጅ «ታርሟል» ብሎ ፈርሟል።

«አልታረመም። ፈርመው ‹05› እንዳለ አተሙት። ከሦስት ሳምንት በፊት አራሚው ለአስሙ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ግድግዳው ላይ አነበበው። ነባሮቹ ነርሶች መጠኑን በቃላቸው ያውቁታል፤ ግድግዳ የሚያነቡት አዲሶቹ ናቸው። ሟቹ ለጤና ቢሮው ጽፎ ያልላከው ደብዳቤ እንደሚለው በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጨቅላዎች ጠብታውን በወሰዱ ማግሥት ሞተዋል። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ትኩሳት ነው። ማክሰኞ ለእርስዎ ነገረዎት፤ ወዳጁ ስለሆኑ ራስዎ ይሰብስቡት ብሎ እስከ ዛሬ ሐሙስ ቀን ሰጠዎት። ትናንት መጡ። የሰው እጅ አይገባበትም ብለው በገመቱበት ቦታ ሁሉ ይኼን ወረቀት ፈለጉ፤ ከካርቶኖቹ መካከል ሳይቀር። ሣጥኑን ግን አላነሡትም።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ኃላፊው እጆቹን አያቸው።

«ያን ቀን ማሽኑ ሞቆ ነበር» አለ። «የማተሚያውን ሰሌዳ አውርጄ ላርም ብል ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንድ ነጥብ ናት አልኩ። ትናንት ‹አንተ ካልሰበሰብክ እኔ እወስደዋለሁ› ሲለኝ አልተቆጣም። ልክ እንደ ሥራችን፣ ልክ ስህተት እንደሚያሳየኝ ሁሉ፣ ቀስ ብሎ ነው የነገረኝ። ከዚያ ‹መጀመሪያ ግን ይቺን እይልኝ› አለ። አሳየኝ። ተመልሶ ሲቀመጥ ማሳል ጀመረ፣ ትራሱም እዚያው ነበር።»

እህትየው ዓይኗን አልነቀለችበትም። አልጮኸችም፣ አልረገመችውም።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ አግዳሚ ላይ ነበርኩ» አለች። «ሁለት ፌርማታ ብቻ።»

ሳጅኑ ኃላፊውን ይዞ ወጣ። የበሩ ጠባቂ ፖሊስም እህትየው ከእንግዲህ ነፃ መሆኗን ከመርማሪው ሰምቶ ተከተላቸው።

«ወረቀቱ ግን ተነሥቷል?» አለች እህትየው ድንገት።

«ለጤና ቢሮው ደውዬ ነግሬያለሁ። ለየጣቢያው ደብዳቤ እንጽፋለን፣ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል አሉኝ።»

«ዳሩ ሰማያዊ ነው? ሕፃን ያቀፈች ሴት ሥዕል አለበት?»

መርማሪው ወረቀቱን አየው። «አዎ።»

እህትየው ተነሣች። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ ወደ ኋላ ሳታይ ወጣች። መርማሪው መኪናውን አስነሥቶ መንገድ ላይ ደረሰባት፤ ገባች። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ መኪናው ሳይቆም ወረደች። ዘጠኝ ዓመት አንሶላ የተሸከመችበትን መተላለፊያ ይዛ ወደ ሕፃናት ክፍል ገባች። አንዲት አዲስ ነርስ የሚያለቅስ ልጅ በአንድ እጇ፣ የጠብታ ጠርሙስ በሌላው ይዛ፣ አንገቷን ወደ ግድግዳው አቅንታ ቆማለች።

እህትየው በነርሷና በግድግዳው መካከል ገባች።

«እማማ፣ ቆዩ፣ እያነበብኩ ነው» አለች ነርሷ።

«አታንብቢው፣ ልጄ። ነጥብ ወድቆበታል፤ አሥር እጥፍ ነው የሚልሽ። ጠርሙሱን አስቀምጪና ነባሯን ነርስ ጥሪያት።»

ነርሷ ከበሩ ላይ የቆመውን መርማሪ አየች። እሱ ራሱን ነቀነቀ። ጠርሙሱን አስቀመጠች።

እህትየው በረኪና በበላቸው ጣቶቿ አራቱን ስፒል አንድ በአንድ ነቀለች። ወረቀቱን በአራት አጠፈችና ብብቷ ሥር አደረገችው።

«ሌላው የት ነው የተለጠፈው?» አለች።